ሰሌዳው ላይ ያለው የፓተንት ቁጥር ምን ይነግርሃል? ለኮምቦልቻው ብየዳ ሠሪ የተሰጠ መልስ

ጥያቄው ሲያጥር ይሄን ይመስላል፦ «ሰላም ለናንተ ይሁን። ኮምቦልቻ ውስጥ የብየዳና የብረታ ብረት ሥራ እሠራለሁ። ከከሚሴ በኩል አንድ ገበሬ አሮጌ የአሜሪካ የውሃ ፓምፕ ለጥገና አመጣልኝ። ሰሌዳው ላይ ‹ፓት. ቁ. 3,2› ይልና ቀሪው ተፍቋል። ከሥሩ ደግሞ ‹ዴስ. ፓት.› የሚል አጠር ያለ ሌላ ቁጥር አለ። እንደዚያ ዓይነት ፓምፕ እኔው ሠርቼ ብሸጥ እከሰሳለሁ? ሌላው፣ ‹ዜድ.ኤል.› ብሎ የሚጀምር ረጅም ቁጥር ያለው የቻይና የጤፍ መውቂያ አለ። አስመጪው ‹ይሄ ፓተንት አለው፣ እንዳትነካው› ብሎ ከአሜሪካ የመጣ ወረቀት አሳየኝ፤ ቁጥሩ በ2016 ይጀምርና ኤ1 ብሎ ይጨርሳል። ለመሆኑ እነዚህን ቁጥሮች ማን ነው የሚሰጣቸው? ቁጥሩ ትልቅ ሲሆን ፓተንቱ ጠንካራ ነው ማለት ነው?»

አብሽር ወንድሜ። ፓተንት ማለት ለፈጠራ ባለቤት ለተወሰነ ዘመን የሚሰጥ ብቸኛ መብት ነው። ከፓምፑ ልጀምር፣ እሱ ቀላሉ ነው። ወሮቹንና ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ የኛ ሲሆን ዓ.ም. እጨምርበታለሁ።

የተፋቀ ቁጥር ማለት የጠፋ ቁጥር አይደለም። የአሜሪካ ፓተንት ቁጥር ከ1836 ጀምሮ ሳያቋርጥ እየጨመረ የመጣ ተራ ቁጥር ነው። በየዓመቱ መጀመሪያ ስንት ላይ እንደደረሰ ደግሞ በሠንጠረዥ ይታወቃል። የ1965 የመጀመሪያው ቁጥር 3,163,865 ነው። የ1966 3,226,729፣ የ1967 ደግሞ 3,295,143። ስለዚህ 3,2 ብሎ የጀመረ ባለ 7 አሃዝ ቁጥር ከ1965 አጋማሽ እስከ 1967 መግቢያ ባለው ጊዜ ውስጥ የተሰጠ ነው፣ ሌላ ቦታ ሊወድቅ አይችልም። በዚያን ጊዜ የአሜሪካ ፓተንት ዕድሜ ከተሰጠበት ቀን ጀምሮ 17 ዓመት ነበር። ደምረው፤ ቢዘገይ ቢዘገይ በ1984 መጀመሪያ አልቆለታል። አንተ የጎደሉትን 5 አሃዞች ሳታገኝ መልሱን አገኘህ ማለት ነው።

አንድ ነገር ግን አረጋግጥ። የተፋቀው ቦታ ላይ ሁለተኛ ኮማ መኖሩን እይ። ወረቀት ደርበህበት በእርሳስ ጎን ቀስ ብለህ ብታሸው የተቀረጸው ብዙ ጊዜ ብቅ ይላል። ሁለተኛ ኮማ ከሌለና ቁጥሩ በ4 አሃዝ ካለቀ የ1843 ፓተንት ይሆናል፣ ያን ዘመን የሚያክል ፓምፕ ደግሞ ከሚሴ ሳይሆን ሙዚየም ነው ያለው። (ቀልዴን ነው፣ ግን ኮማዋን እያት።)

«ዴስ. ፓት.» የሚለው የዲዛይን ፓተንት ነው። መልኩን እንጂ አሠራሩን አይጠብቅም። የራሱ የቁጥር መስመር ስላለው ነው አጠር ያለው። አሜሪካኖች ለዲዛይን ለብቻው መቁጠር የጀመሩት በ1842 ሲሆን ቁጥር 1ን የወሰደው ጆርጅ ብሩስ ለሕትመት ፊደል ቅርጽ ነው። ዛሬ በወረቀት ላይ ከቁጥሩ ፊት ዲ የሚል ፊደል ታያለህ። የዲዛይኑም ዕድሜ ያን ጊዜ ቢረዝም 14 ዓመት ስለነበር እሱም ድሮ አልፏል።

ለፓምፑ አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ አለኝ። ፓተንቱ አለቀ ማለት የድርጅቱ ስም አለቀ ማለት አይደለም። አካሉን ስትሠራ የነሱን ስምና ምልክት አብረህ አታትምበት። የንግድ ምልክት በእድሳት ስንት ዓመት እንደሚቀጥል ወሰን የለውም፣ ሌላ ሕግ ነው፣ ሌላ ክስ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ብዙ ሰው የፓተንት ቁጥር ሲያይ ዓይኑ አሃዞቹ ላይ ይተክላል። እኔ ግን አሃዙን መጨረሻ ላይ ነው የማነበው። መጀመሪያ በዙሪያው ያለውን ነው የማየው፦ ፊት ለፊቱ የየት አገር ፊደል አለ? ከኋላው ምን ዓይነት ፊደል አለ? ቀኑስ? የመኪና ታርጋን አስበው። «ኮድ 3 አማ» የሚለውን ካላየህ ቁጥሩ ብቻውን ምኑንም አይነግርህም፤ ያው ቁጥር አዲስ አበባም፣ ኦሮሚያም፣ ኮድ 2ም ላይ አለ። ፓተንትም እንደዚያው ነው። «3,2 ምናምን» አሜሪካ ውስጥ ከ1965 እስከ 1967 ነው፣ ሌላ አገር ሌላ ነው።

ይሄ ሥርዓት አንድ ቀን ተቀምጠው የነደፉት እንዳይመስልህ። የአሜሪካኑን ታሪክ ብቻ ብነግርህ ይበቃሃል። የመጀመሪያው ፓተንት የተሰጠው ሐምሌ 31 ቀን 1790 ነው፣ ሳሙኤል ሆፕኪንስ ለሚባል ሰው፣ ከአመድ ፖታሽ ለማውጣት ዘዴ። አዎ፣ ከአመድ። ፈራሚው ፕሬዚዳንት ጆርጅ ዋሽንግተን ራሱ ነበር። ቁጥር ግን አልነበረውም! ከዚያ በኋላ ለ46 ዓመት ያህል የተሰጡት ወደ 10,000 የሚጠጉ ፓተንቶች ሁሉ የሚታወቁት በባለቤቱ ስምና በቀኑ ብቻ ነበር። ጥቂት ሲሆኑ ይሄ ያስኬዳል። በመቶዎች ሲሆኑም እንደምንም ያስኬዳል። ሺዎች ሲሆኑና ስም ሲመሳሰል ግን ያው ታውቀዋለህ፣ በአንድ ቀበሌ ስንት መሐመድ ሰይድ አለ።

በሐምሌ 1836 አዲስ ሕግ ወጣ፣ ቁጥርም መጣ። ቁጥር 1 የተሰጠው ሐምሌ 13 ቀን 1836 ለጆን ራግልስ ነው፣ የሎኮሞቲቭ ጎማ ሐዲዱ ላይ እንዳይንሸራተት ለሚያደርግ ሥራ። ሰውየው ማን መሰለህ? የሜይን ግዛት ሴናተር፣ ያንኑ ሕግ ያረቀቀው ሰው። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚለው የኛ ብቻ አይደለም ማለት ነው።

በዚያው ዓመት ታኅሣሥ 15 ደግሞ እሳት ተነሳ። መሥሪያ ቤቱ ለጊዜው ያረፈበት ዋሽንግተን ያለ አሮጌ ሕንፃ ከነፋይሉ፣ ከነሞዴሉ ነደደ። በፊት የተሰጡት ፓተንቶች መዝገብ አመድ ሆነ። ከዚያ ለባለቤቶቹ «ቅጂ ያላችሁ አምጡ» ተባለ፣ በዚህ መንገድ 2,800 ገደማ ተመለሱ። እነዚህን ከአዲሶቹ ለመለየት ዘግይቶ ኤክስ የሚል ፊደል ጨመሩባቸው። ሆፕኪንስ 1ኤክስ ሆነ፣ የኤላይ ዊትኒ የጥጥ መዳመጫ 72ኤክስ። ቁጥር ከሰጡ በኋላ ሌላ የተረሳ ፓተንት ብቅ ሲል ደግሞ በሁለት ቁጥሮች መካከል ግማሽ ቁጥር አስገቡለት። እውነቴን ነው፣ ክፍልፋይ ቁጥር ያላቸው ፓተንቶች አሉ። ኋላ ላይ የሚለጠፍ ቁጥር ሁሌም እንዲህ ያለ ጥፍጥፍ አያጣውም። እንግሊዞችም ከ1617 እስከ 1852 የተሰጡትን 14,359 ፓተንቶች ቁጥር የሰጧቸው ሁሉም ካለፈ በኋላ ነው፣ ቤኔት ዉድክሮፍት የሚባል ሰው ተቀምጦ። ከዚያም እስከ 1915 ድረስ በየጥር ከ1 ይጀምሩ ነበር፤ ስለዚህ የዚያ ዘመን የእንግሊዝ ዕቃ ላይ ቁጥር ብቻ አይተህ ዓመቱን ካላገኘህ ተውው፣ ያው ቁጥር በ60 ዓመት ውስጥ በየዓመቱ ተደጋግሟል። በ1916 ከ100,001 ጀምረው ነው ቀጥ ባለ መስመር የሄዱት።

የአሜሪካው መስመር ግን ከ1836 ወዲህ አንዴም ወደ ኋላ አልተመለሰም። ፍጥነቱን ብታየው ይገርምሃል። ቁጥር 1,000,000 የወጣው ነሐሴ 8 ቀን 1911 ነው፣ ከመነሻው 75 ዓመት ወስዶ፣ ለመኪና ጎማ። 2,000,000 በ1935። ከ9,000,000 ወደ 10,000,000 ለመድረስ ግን ከሚያዝያ 2015 እስከ ሰኔ 2018 ብቻ ነው የፈጀው። 12,000,000 በሰኔ 2024 አለፈ። ሁሉም ማክሰኞ ማክሰኞ ነው የሚወጡት፣ የሳምንቱ በአንድ ቀን፣ በሺዎች። 10 ሚሊዮን ሲደርስ 7 አሃዝ ብቻ የሚይዙ የኮምፒውተር መዝገቦች ሁሉ ለስምንተኛው አሃዝ ቦታ ማበጀት ነበረባቸው።

እግረ መንገዴን የሲንገሩን ነገር ላንሳ፣ ደሴ ላይ ብዙ የሚጠየቅ ስለሆነ። ሰኞ ገበያ አካባቢ ያሉ ልብስ ሰፊዎች ጋ አያት የተጠቀመበት ሲንገር አሁንም ይሠራል። ሰዎች ከክንዱ ሥር የታተመውን፣ በፊደል የሚጀምረውን ቁጥር «የፓተንት ቁጥሩ» ይሉታል። አይደለም። እሱ የማሽኑ መለያ ቁጥር ነው፣ የተመረተበትን ዓመት ለማወቅ ይጠቅማል። የይዛክ ሲንገር የ1851 ፓተንት ቁጥሩ 8,294 ነው፣ ከሱ 5 ዓመት የሚቀድመው የኤልያስ ሃው 4,750 ነው። አሮጌው ማሽን ላይ ግን እነዚህን ቁጥሮች አታገኝም፤ የምታገኘው የቀን ዝርዝር ነው። ለምን ቢባል እስከ 1927 ድረስ ዕቃ ላይ ይጻፍ የነበረው ፓተንቱ የተሰጠበት ቀን ነበር፤ በዚያ ዓመት ነው ሕጉ ተለውጦ ቁጥሩ ይጻፍ የተባለው። ከ2011 ወዲህ ደግሞ ቁጥሩንም ትተው «ፓት.» ብለው የድረ ገጽ አድራሻ ብቻ እንዲጽፉ ተፈቅዷል። ስለዚህ ሰሌዳው ላይ ቀን ብቻ ካለ ዕቃው በጣም አሮጌ ነው፣ ቁጥር ካለ ከ1927 ወዲህ ነው፣ ድረ ገጽ ካለ የትናንት ነው። በግርድፉ ነው እንግዲህ።

አስመጪው ያሳየህ ወረቀት ጋ ስንመጣ ነገሩ ይጠነክራል። 2016 ብሎ ጀምሮ ኤ1 ብሎ የሚጨርስ የአሜሪካ ቁጥር ፓተንት አይደለም። ልድገመው፣ ፓተንት አይደለም። የታተመ ማመልከቻ ነው። «ይሄ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ጠይቋል» ከማለት በቀር ምንም አላለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አሜሪካ እስከ 2000 ድረስ ማመልከቻን በሚስጥር ነበር የምትይዘው። ካልጸደቀ ማንም ሳያየው ይቀራል። ከመጋቢት 15 ቀን 2001 ጀምሮ ግን አብዛኛው ማመልከቻ መጀመሪያ ከገባበት ቀን 18 ወር ሲሞላው ይታተማል። ለእነዚህ አዲስ ዓይነት ቁጥር ወጣላቸው፦ 4 አሃዝ ዓመት፣ ከዚያ 7 አሃዝ ተራ ቁጥር፣ መጨረሻ ላይ ኤ1። ከጸደቀ ሌላ፣ አዲስ ቁጥር ይሰጠዋል፣ ያ በሚሊዮን የሚቆጠረው። በዚያ ላይ ቢ2 ይጻፍበታል፤ ትርጉሙ «የጸደቀ ነው፣ በፊትም ማመልከቻው ታትሟል» ነው። ሳይታተም ቀጥታ የጸደቀ ከሆነ ቢ1። ስለዚህ ቢ ካላየህ ለጊዜው ባዶ ጩኸት ነው በለው።

እዚህ ላይ ባለሙያም የሚያደናግር ነገር አለ። ከጥር 2001 በፊት የጸደቁት ላይ ቢ አልነበረም፤ ወረቀቱ ባዶ ቁጥር ብቻ ነበር፣ የመረጃ ቋቶቹም ከኋላው ኤ ይጨምሩበታል። ስለዚህ 5,000,000 ኤ ስታይ የ1991 የጸደቀ ፓተንት ነው። 2016 ብሎ የሚጀምር ኤ1 ስታይ ግን ማመልከቻ ነው። ፊደሏ ያው፣ ነገሩ የሰማይና የምድር ያህል የተራራቀ። ለዚህ ነው ፊደሉን ከዘመኑ ጋር አብረህ ማንበብ ያለብህ።

ሌላ ሦስተኛ ቁጥርም አለ፣ የማመልከቻ ቁጥር። እሱ ሁለት አሃዝ፣ ሰያፍ መስመር፣ ከዚያ 6 አሃዝ ነው። 6 አሃዝ 999,999 ላይ ያልቃል፣ ሲያልቅ የፊቱ ሁለት አሃዝ ይቀየራል። 29 ከሆነ የዲዛይን ነው። ከ60 እስከ 63 ከሆነ ጊዜያዊ ማመልከቻ ነው፣ በአንድ ዓመት ውስጥ በሙሉ ማመልከቻ ካልተከተሉት ዋጋ የለውም። አንድ ሰው «63 ምናምን ቁጥር አለኝ፣ ፓተንት አለኝ» ቢልህ ፈገግ ብለህ ሻይ ጋብዘው።

አር.ኢ. የሚል ካየህ ስህተቱ ታርሞ በድጋሚ የወጣ ፓተንት ነው። ፒ.ፒ. የተክል ነው፣ የመጀመሪያው በ1931 ለአንዲት የጽጌረዳ ዝርያ የተሰጠ። እነዚህን እዚህ ላይ እንለፋቸው፣ አንተን አያገኙህም።

የሚያገኝህ ቻይናው ነው። ዛሬ ከደሴ እስከ ወልዲያ የሚሠራው መውቂያ፣ መፈልፈያ፣ ፓምፕ ብዙው ከዚያ ስለሚመጣ ይሄን ቁጥር ማንበብ ብትለምድ ትጠቀማለህ። ዜድ.ኤል. የሚለው «የጸደቀ ፓተንት» ማለት ነው። ከሱ ቀጥሎ 4 አሃዝ ዓመት ነው፣ የተጠየቀበት ዓመት። አምስተኛዋ አሃዝ ላይ ቁም! እሷ ናት ሁሉን የምትነግርህ። 1 ከሆነች ሙሉ የፈጠራ ፓተንት ነው፣ ዕድሜው ከማመልከቻው ቀን 20 ዓመት። 2 ከሆነች የግልጋሎት ሞዴል (ለአነስተኛ ፈጠራ የሚሰጥ መብት) ነው፣ 10 ዓመት ብቻ፣ በጥልቀት ሳይመረመርም ይሰጣል። 3 ከሆነች ዲዛይን ነው። በዓለም አቀፉ የፓተንት ትብብር ስምምነት በኩል የገቡት 8 ወይም 9 ይዘው ይመጣሉ። ከዚያ 7 አሃዝ ተራ ቁጥር፣ ከዚያ ነጥብና አንዲት ማረጋገጫ አሃዝ። ማረጋገጫዋ ከፊት ካሉት 12 አሃዞች በስሌት የምትወጣ ናት፦ እያንዳንዱ በተወሰነ ቁጥር ይባዛል፣ ድምሩ ለ11 ይካፈላል፣ ቀሪዋ ትጻፋለች። ቀሪው 10 ሲሆን ኤክስ ይጽፉበታል። ስለዚህ አንድ ነጋዴ ከአእምሮው ቁጥር ፈጥሮ ቢለጥፍ ብዙ ጊዜ በማረጋገጫዋ ትይዘዋለህ። የአሜሪካ ቁጥር ይሄ የለውም።

ይሄም ከጥንት የመጣ አይደለም። የቻይና ፓተንት ሕግ ሥራ ላይ የዋለው ሚያዝያ 1 ቀን 1985 ነው። መጀመሪያ የዓመቱን ሁለት አሃዝ ብቻ ይጽፉ ነበር፣ ለተራ ቁጥሩ ደግሞ 5 አሃዝ። 5 አሃዝ በዓመት ከ99,999 በላይ አይይዝም። ሕዝቡ ማመልከት ሲያበዛ ጠበበ፣ በጥቅምት 2003 አሁን ወዳለው ረጅም ቁጥር ተሸጋገሩ። ስለዚህ አጭር ዜድ.ኤል. ካየህ ከጥቅምት 2003 በፊት የተጠየቀ ነው፤ ምንም ዓይነት ቢሆን ዕድሜው አልቋል። ልብ በል፣ በቻይና የማመልከቻውና የፓተንቱ ቁጥር አንድ ነው፤ ዜድ.ኤል. ብቻ ይጨመርበታል። በአሜሪካ ደግሞ አይተሃል፣ ሦስት ቁጥር ነው። ለኔ የቻይናው ይሻላል፤ ዓመቱና ዓይነቱ ቁጥሩ ውስጥ ስላለ ሠንጠረዥ መፈለግ አያሻህም። የአሜሪካው ውበቱ አለመቋረጡ ነው፣ ለሠራተኛ ግን ውበት ምን ያደርግለታል።

ቻይንኛ አላነብም እንዳትል። የየትኛውም አገር ፓተንት የመጀመሪያ ገጽ ላይ በቅንፍ ወይም በክብ ውስጥ የተጻፉ ትንንሽ ቁጥሮች አሉ፣ በዓለም ዙሪያ አንድ ናቸው። 11 የሰነዱ ቁጥር ነው። 21 የማመልከቻው፣ 22 ማመልከቻው የገባበት ቀን። 45 የጸደቀበት ቀን። 54 ርዕሱ። 72 ፈጣሪው፣ 73 ባለመብቱ። 19 አገሩ። እነዚህን ስልክህ ላይ ጽፈህ ያዝ፣ ጃፓንኛም ቢሆን ቀኑንና ቁጥሩን ታወጣለህ። ከዚያ ጉግል ፓተንትስ ወይም ኤስፓስኔት በሚባሉት የፓተንት መፈለጊያ ድረ ገጾች ላይ የአገሩን ሁለት ፊደል አስቀድመህ፣ ኮማና ክፍተቱን አውጥተህ ቁጥሩን አስገባ። ሁለቱም በነፃ ነው። ሥዕሉንም ታያለህ፣ ለሙያህ ሥዕሉ ብቻውን ትምህርት ነው።

ቁጥሩ የማይነግርህንም ልንገርህ። ጥንካሬውን አይነግርህም፣ ትልቅ ቁጥር ማለት ዘግይቶ የወጣ ማለት ነው፣ በቃ። ዛሬ በሕይወት መኖሩንም አይነግርህም። አሜሪካ ውስጥ ፓተንት ከጸደቀ በ3 ዓመት ከመንፈቅ፣ በ7 ዓመት ከመንፈቅ፣ በ11 ዓመት ከመንፈቅ ክፍያ አለበት፤ ካልተከፈለ ይሞታል፣ ቁጥሩ ግን ሰሌዳው ላይ እንዳለ ይቀመጣል። መብቱ እስከየት እንደሚደርስም ቁጥሩ አይናገርም፤ እሱን የሚወስኑት በሰነዱ መጨረሻ በተራ የተዘረዘሩት የይገባኛል ነጥቦች ናቸው።

የጤፉን ነገር ሁላችንም እናስታውሳለን። «ሆላንድ ጤፋችንን ወሰደች» ተብሎ ስንት ተባለ። ያ የአውሮፓ ፓተንት ቁጥሩ ኢ.ፒ. 1 646 287 ቢ1 ነው፣ ርዕሱ የጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ነው። ፊደሎቹን አንብባቸው። ኢ.ፒ. ስለሆነ በአውሮፓ ቢሮ በኩል የጸደቀ፣ ከዚያ በኋላ ግን በየአገሩ ለየብቻ የሚኖር ነው። ቢ1 ስለሆነ ማመልከቻ ሳይሆን የጸደቀ ነው፣ በ2007። በ2018 መጨረሻ ላይ የሄግ ፍርድ ቤት አዲስ ግኝት የለበትም ብሎ ሻረው። የሻረው ግን የሆላንዱን ክፍል ነው፤ የሌላው አገር በዚያ ፍርድ አልተነካም። ማመልከቻው የገባው በ2004 ስለነበር ማንም ባይሽረው ኖሮ እንኳ 20 ዓመቱ በ2024 ይሞላ ነበር። ወረኢሉ ላይ ጤፍ የሚያበጥር ገበሬን ደግሞ ያ ቁጥር አንድም ቀን አይመለከተውም ነበር፣ ምክንያቱም ፊደሉ ኢ.ፒ. ነው።

ይሄው ነው ላንተም መልሱ። የአሜሪካ ቁጥር አሜሪካ ውስጥ ይሠራል፣ የቻይናው ቻይና ውስጥ። ኮምቦልቻ ላይ አንተን ሊያስከስስ የሚችለው በኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን የተሰጠ ቁጥር ብቻ ነው። ሕጉ አዋጅ ቁጥር 123/1987 ዓ.ም. ነው። እንግሊዝኛው ላይ 123/1995 ተብሎ ስታየው ሌላ ሕግ እንዳይመስልህ፣ የዓመት አቆጣጠር ልዩነት ነው። ይባስ ብሎ መሥሪያ ቤቱን ያቋቋመው አዋጅ በአማርኛ 320/1995 ዓ.ም. ነው፣ በእንግሊዝኛ 320/2003። «የ1995ቱ አዋጅ» የሚልህ ሰው የትኛውን እንደሆነ ጠይቀው፣ በዚህ ምክንያት ሁለት ሰዎች ስለተለያየ ሕግ ሲከራከሩ ሰምቻለሁ።

በኛ ሕግ የፈጠራ ፓተንት 15 ዓመት ነው፣ 5 ሊጨመርበት ይችላል። ለአነስተኛ ፈጠራ የግልጋሎት ሞዴል ሰርተፊኬት አለ፣ 5 ዓመት፣ ለሌላ 5 የሚታደስ። ሦስተኛው ነው ለጉዳይህ ዋናው፦ የአስገቢ ፓተንት። ውጭ አገር ፓተንት ያለውና ዘመኑ ያላለቀ፣ እዚህ ግን ያልተመዘገበ ፈጠራን ወደ አገር የሚያስገባ ሰው እስከ 10 ዓመት የሚደርስ መብት ሊያገኝ ይችላል። ስለዚህ አስመጪህ ዝም ብሎ ላይሆን ይችላል፣ ምናልባት ይሄን ወስዶ ሊሆን ይችላል። የፓምፑ ዓይነት ነገር ግን ውጭ አገር ዘመኑ ስላለቀ በዚህ መንገድም አይያዝም።

እና አስመጪውን ስትመልስለት በአሜሪካ ወረቀት አትከራከረው። በትህትና «ጋሼ፣ የኢትዮጵያውን ሰርተፊኬት ቁጥርና የተሰጠበትን ቀን ስጡኝ፣ የዘንድሮውን ዓመታዊ ክፍያ ደረሰኝም አሳዩኝ» በለው። ቁጥሩን ከሰጠህ ባለሥልጣኑ ጋ ደውለህ ወይም አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ልከህ መዝገቡን አስይ፤ ዓይነቱ የፈጠራ ነው፣ የአስገቢ ነው፣ ወይስ የግልጋሎት ሞዴል፣ እሱን አስጽፈህ ያዝ። ካልሰጠህ ሥራህን ቀጥል። አንተው መውቂያው ላይ ያሻሻልከው ነገር ካለ ደግሞ፣ ለምሳሌ ወንፊቱን ወይም የምላጩን አቀማመጥ ለኛ ጤፍ ብለህ ከቀየርከው፣ ባዛር ላይ አውጥተህ ከማሳየትህ በፊት ለግልጋሎት ሞዴል አመልክት። የሰሌዳውን ፎቶ ከነፊደሉ፣ የቻይናውን ደግሞ ከነነጥቡ ብትልክልኝ አምስተኛዋን አሃዝ አብረን እናያታለን።